የወይራው ሁለተኛ ክንድ

የተጣጣፊው የሥራ ጠረጴዛ እግሮች ቀጭ ብለው ሲቆሙ፣ ሰርክአዲስ እልል ልትል ምንም አልቀራት። አባቷ መሬት ተቀምጠው፣ ወይራውን በእግር ጣቶቻቸው ቆንጥጠው ይዘው መስቀል ሲፈለፍሉ የኖሩ ናቸው፤ ጉልበታቸው አልታጠፍ ካለ ወዲህ ግን መሮ አልነኩም ነበር። አሁን ከጠረጴዛው ፊት ቆሙና፣ እንደ ልማዳቸው ጫማቸውን አወለቁ።

«ኧረ አባዬ፣ ከእንግዲህ እንጨቱን የሚይዝልዎት እኮ የጠረጴዛው ሞርሳ ነው!»

ሳቃቸው ጠባቧን የሥራ ጓዳ ሞላት። እሷ ሞርሳውን ስታጠብቅ እሳቸው መሮውን በመዶሻ መቱት። ወይራው ንቅንቅ አላለም። «ወይ ጉድ! እንደ አለት ያዘው እኮ!» እያሉ፣ ፍቅፋቂው ጢማቸው ላይ እየተረጨ፣ የመስቀሉን አንድ ክንድ ሳያርፉ አወጡት። ከዚያ ድንገት ቆም ብለው ልጃቸውን አዩዋት። ከልጅነቷ ጀምሮ «ያስተምሩኝ» ባለቻቸው ቁጥር መልሳቸው አንድ ነበር፤ «ሴት ልጅ እግሯን ከፍታ መሬት አትቀመጥም።»

«እንግዲህ በቁም ከተሠራ ምን ምክንያት ቀረኝ?» አሉና መሮውን ዘረጉላት። «በይ፣ ያኛው ክንድ ያንቺ ነው።»

ሰርክአዲስ መሮውን ከመቀበሏ በፊት፣ ሳታስበው ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች።