ሲወድቅ አላየሁትም

«ሲወድቅ በዓይንዎ አይተውታል?» አሉ ዳኛዋ።

ሳናኤ አፏን ከፈተች። ሁለት ዓመት ሙሉ ለዚህ ጥያቄ የሰጠችው መልስ አንድ ነው፦ አዎ፣ ልጄ ጠረጴዛውን ይዞ ቆሞ ነበር፣ ወደ ኋላ ተንጋለለ፣ ታታሚው ምንጣፍ ላይ በአናቱ ወደቀ። ለሆስፒታሉ፣ ለፖሊስ፣ ለሕፃናት ጥበቃ ጽሕፈት ቤቱ፣ ለባሏም እንዲሁ ብላለች። ባሏ ሰምቷት ሲያበቃ ልብሱን ሸክፎ እናቱ ቤት ገባ።

ፊት ለፊቷ ከኦሳካ በባቡር የመጡት ዶክተር ኢጋራሺ ተቀምጠዋል። ስክሪኑ ላይ ልጇ ዮሄይ በስምንት ወሩ የተነሳው የጭንቅላት ፎቶ በርቷል። ከራስ ቅሉ ሥር ቀጭን፣ ነጭ፣ ጨረቃ የመሰለ ነገር ይታያል። ደም ነው። ዶክተሩ ያኔ በሪፖርታቸው «ሕፃኑ በኃይል ተነቅንቋል» ብለው የጻፉት እሱን አይተው ነበር። የወንጀል ክሱ ማስረጃ አልበቃ ብሎ ተዘግቷል። እዚህ የቤተሰብ ፍርድ ቤት ግን ያን ያህል ማስረጃ አይጠየቅም፤ «ሳታደርገው አልቀረችም» ከተባለ ዮሄይ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ባለበት የሕፃናት ማሳደጊያ ሌላ ሁለት ዓመት ይጨመርበታል።

ሳናኤ ያንን ሪፖርት ደጋግማ ከማንበቧ የተነሳ እጆቿ ያላደረጉትን ማስታወስ ጀምረዋል። በሕልሟ ልጁን ብብቱ ሥር ይዛ ትነቀንቀዋለች። ስትነቃ ክንዷን ያማታል።

«ወይዘሮ ኩዋባራ፣ እየጠበቅንዎት ነው።»

«አላየሁትም።»

ጠበቃዋ ኦኩኖ እጅጌዋን ጨመደደቻት። «ምን እያልሽ ነው?» ስትል አንሾካሾከች።

«ድምፁን ነው የሰማሁት» አለች ሳናኤ። «ጀርባዬን ሰጥቼ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ስዞር ወድቋል።»

የጽሕፈት ቤቱ ጠበቃ ብድግ አለ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ዋሽተውናል ማለት ነዋ!»

«ሆስፒታል መጀመሪያ ሰማሁ ብዬ ነበር። ‹ካላዩ መውደቁን በምን አወቁ?› አሉኝ። ቤት ውስጥ ከእኔና ከእሱ በቀር ማንም የለም። አላየሁም ካልኩ፣ እኔው ነኝ ያደረግኩት ሊሉ ነው። ፈራሁ። አየሁ አልኩ።»

«ድምፁ እንዴት ያለ ነበር?» ጠያቂው ሐኪሙ ነበሩ።

ሳናኤ መዳፏን አንስታ ጠረጴዛውን አንዴ መታችው። ጸሐፊዋ ክው ብላ እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳች።

«ዶክተር፣ ይህ አስተያየትዎን ይለውጠዋል?» አሉ ዳኛዋ።

ዶክተር ኢጋራሺ ወደ ስክሪኑ ዞሩ። «ፎቶው አልተለወጠም። ያን ጊዜ ከቁመቱ የወደቀ ሕፃን እንዲህ አይደማም ብለን እናምን ነበር። ከዚያ ወዲህ ሲደማ አይቻለሁ። ደግሞ የጻፍኩት በፎቶው ብቻ አልነበረም። ‹የእናትየዋ ቃል ይለዋወጣል› ብለውኝ ነበር። ለምን እንደተለዋወጠ አሁን ሰማሁ፤ ያ ከወጣ የሚቀረኝ ደሙ ነው። ደም ደግሞ ከየት እንደመጣ ሁልጊዜ አይናገርም።»

«ተነቅንቋል ይላሉ ወይስ አይሉም?»

«አላውቅም።» አሉ ዶክተሩ። «ያኔም አላውቅም ብዬ መጻፍ ነበረብኝ።»

ከችሎቱ ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ ተገናኙ። ሽማግሌው ሐኪም ወገባቸው እስኪታጠፍ ጎንበስ ብለው እጅ ነሷት። እሷም ጎነበሰች። ማን ቀድሞ ቀና እንደሚል ሁለቱም ጠፋቸው።

ውሳኔው ከአንድ ወር በኋላ በፖስታ መጣ። ዮሄይ ማሳደጊያው ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ እንዲራዘም አልተፈቀደም። ጉዳቱ በእናትየዋ እጅ መድረሱ አልተረጋገጠም ይላል። አላደረገችውም አይልም። ሳናኤ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውንም አየችው።

ዮሄይን አንዲት የማሳደጊያው ሠራተኛ ይዛው መጣች። ሦስት ዓመት ሊሞላው ትንሽ ቀርቶታል። በሩ ላይ ጫማውን ራሱ አውልቆ ጎን ለጎን አስቀመጠና ቀና ብሎ አያት።

«መምህርት» አላት፤ ማሳደጊያው ውስጥ ትልልቅ ሴቶች ሁሉ የሚጠሩት እንዲህ ነው። «እዚህ ስንት ቀን ነው የምተኛው?»

«እስክታድግ» አለችው።

ዮሄይ ወደ ሠራተኛዋ ዞሮ የቀሚሷን ጫፍ በሁለት እጁ ጨበጠ።