ቦርሳዋን ከባቡር የወረወረባት ኩምሳሪ

"ውረጂ ነው የሚልሽ... እንዳትወርጂ!"

ጋሽ ጉግሳ ይህን ያላት በጥርሱ መሃል ነው። ከንፈሩ እንኳን አልተንቀሳቀሰም።

ከፍያለች ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ አቀፈች።

ኩምሳሪው፣ ትኬት ቆራጩ ማለት ነው፣ ፊቷ ተገትሯል። ጢሙ የጫማ ብሩሽ የሚያክል ግዙፍ ሰውዬ...

"ኢንዚሊ! ኢንዚሊ ያ ሲት!"

ይቺን ቃል ታውቃታለች። የምታስታምማቸው አሮጊት፣ መጋረጃ ልታወርድ ወንበር ላይ በወጣች ቁጥር የሚጮኹባት ቃል ናት። ውረጂ!

ወርዳስ ወዴት?

ጊዜው ሚያዝያ 1990 ነው፣ የዳግማይ ትንሣኤ እሁድ ጠዋት። ከካይሮ ወጣ ብላ ካለችው ከሺቢን የተነሳ ሦስተኛ ማዕረግ ባቡር ውስጥ ናቸው።

ከፍያለች መኖሪያ ፈቃድ የላትም። የስደተኛ ወረቀት ለማግኘት ሁለት ዓመት ጠብቃ፣ ዛሬ ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ካይሮ፣ የስደተኞች ቢሮ፣ ኢንተርቪው አላት።

ካለፋት ፋይሏ ይዘጋል። ኸላስ!

ከዚያ ፖሊስ ከያዛት... ባሏ ታስሮ ወደቀረበት አገር ነው የሚመልሷት።

ጋሽ ጉግሳ እዚያው ሺቢን ዶሮ እርባታ የሚሠራ ያገሯ ሰው ነው። ግብፅ ዘጠኝ ዓመት ኖሯል። "አረብኛውን ለኔ ተይው፣ አንቺ ብቻ ተከተይኝ" ብሎ ነው ይዟት የወጣው።

እሷም ተከተለችው...

ኩምሳሪው መጀመሪያ ትኬት ሲጠይቃት፣ ከድንጋጤዋ የተነሳ የቀጠሮ ወረቀቷንም አብራ ሰጥታው ነበር። አነበበው። ፊቱ ተለዋወጠ። የእጅ ሰዓቷን በጣቱ መታ መታ አደረገና "ላ! ላ! ላ!"፣ አይሆንም፣ እያለ አረብኛውን አወረደባት።

"ምንድነው የሚለው ጋሼ?"

ጋሽ ጉግሳ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ሰዓትሽን ስጪኝ ነው የሚለው።"

"ሰዓቴን?!"

"ያዕኒ... ጉቦ መሆኑ ነው። እምቢ ካልሽ ቀልዩብ ጣቢያ ላይ ለፖሊስ አሳልፎ ይሰጥሻል።"

እጇን ከኋላዋ ደበቀች። ሰዓቱ የባሏ ነው። ማሰሪያው ላይ ሁለት ቀዳዳ አስጨምራ እንኳን እጇ ላይ ይዞርባታል።

ባቡሩ ቀልዩብ ሲደርስ ገና በደንብ ሳይቆም ኩምሳሪው ዘሎ ወረደ። በመስኮት አየችው... መድረኩን አቋርጦ እየሮጠ ነው።

"ሊጠራቸው ሄደ" አለ ጋሽ ጉግሳ። ግንባሩ በላብ ርሷል።

ከፍያለች ወደ ወንበሩ ጥግ ተሸጎጠች።

ሰውየው እያለከለከ ተመለሰ። "ኢንዚሊ!!"

"ወንበሩን ያዢ! እንዳትለቂ!"

ያዘች። አጠገቧ የተቀመጠችው ግብጻዊት ሳትቀር ክንዷን ገፋ እያደረገች "ኢንዚሊ" አለቻት።

"አየሽ? ሁሉም ተስማምተውብሻል!"

ፊሽካ ተነፋ። ባቡሩ ተነቃነቀ...

ኩምሳሪው ቦርሳዋን ከእቅፏ መንጭቆ በመስኮት ወረወረው!

ፎቶዎቿ፣ የባሏ የእስር ደብዳቤ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰበሰበችው ወረቀት... ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው።

እንዴት እንደወረደች ዛሬም አታውቀውም። ጋሽ ጉግሳም እየተራገመ ከኋላዋ ዘለለ። አንድ ጫማው ባቡሩ ላይ ቀረ።

ባቡሩ ቀስ እያለ መራቅ ጀመረ።

ከፍያለች ቦርሳዋን አቅፋ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለች። ፖሊሶቹን ጠበቀች...

ማንም አልመጣም።

ቀና ስትል ኩምሳሪው በሚሄደው ባቡር በር ላይ ተንጠልጥሏል። በጣቱ መጀመሪያ የጣቢያውን ሰዓት፣ ቀጥሎ ማዶ የቆመውን ሌላ ባቡር ያሳያታል።

የጣቢያው ሰዓት... ለሁለት አስር ጉዳይ።

የሷ... ለአንድ አስር ጉዳይ!

"ያላ ያ ሲት! ራምሲስ! ራምሲስ!"

የማዶው ባቡር ትኬት ቆራጭ ነው፣ በሩን ከፍቶ ይዞላታል። ራምሲስ የካይሮ ዋናው ጣቢያ መሆኑን ለማወቅ አስተርጓሚ አያስፈልጋትም። ሮጠች። ጋሽ ጉግሳም በአንድ ጫማ ተከተላት።

ውስጥ ገብታ ስትቀመጥ አንዲት የአትክልት ቅርጫት የያዘች ሴት፣ ሰዓቷን በጣቷ እያሳየች፣ ለሕፃን እንደሚነገር በቀላል አረብኛ ቀስ አድርጋ አስረዳቻት። መንግሥት ባለፈው ዓርብ "የበጋ ሰዓት" ብሎ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደፊት ገፍቶታል። የባቡሩም ፕሮግራም አብሮ ተገፍቷል። የነከፍያለች ባቡር ቀድሞ አልፏል። የተሳፈሩበት ቀጣዩ ነው፣ እሱ ደግሞ ከቀልዩብ ወደ በንሃ ይታጠፋል እንጂ ካይሮ አይገባም። ያ ኩምሳሪ ሮጦ የመጣው እዚህ ባቡር ጋ ነው... "አንዲት ሐበሻ አለች፣ ጠብቋት" ሊል።

አሮጊቷ ቤት ሰዓት የሚቀይር ሰው የለም። እርባታው ውስጥ ደግሞ... ዶሮ የመንግሥት አዋጅ አይሰማም።

ከፍያለች ወደ ጋሽ ጉግሳ ዞረች።

"ጋሼ... 'ሰዓትሽን ስጪኝ' ያልከኝስ?"

ባዶ እግሩን ከወንበሩ ስር ሳበ።

"በጣም እየፈጠነ ነበር የሚያወራው..."

"ጋሼ!"

"አልገባኝም ነበር ከፍዬ። አንድም ቃል።"

"ታዲያ አልገባኝም አትለኝም?!"

"ዘጠኝ ዓመት ኖሬ አልገባኝም እንዴት ልበልሽ?... ማሌሽ፣ ይቅርታ።"

ቢሮው በር ላይ ሲደርሱ ለሦስት አምስት ጉዳይ ነበር። ስሟ ሲጠራ ጋሽ ጉግሳ አብሯት ሊገባ ብድግ አለ።

"አንተ እዚሁ ጠብቀኝ ጋሼ። ጫማ ፈልግ።"

ውስጥ የቢሮው አስተርጓሚ ሲጠይቃት ሦስቴ አስቆመችው። "አልገባኝም፣ ድገምልኝ።" በአራተኛው ገባት... መለሰች።

ከስድስት ወር በኋላ ወረቀቷን ተቀበለች።

ወዳጆቼ... ከፍያለችን ከመንገድ ሊያስቀራት የነበረው ያ የጮኸባት ጢማም ሰውዬ አይደለም። የሚወዳት ያገሯ ሰው ነው። ክፋት የለበትም፤ "አልገባኝም" ማለት አፈረ፣ የቀረውን ፍርሃት ተረጎመለት።

ያልገባንን አንተርጉም!

እስቲ ሳትዋሹ ኮሜንት ላይ ንገሩን... "አልገባኝም" ማለት አፍራችሁ ሰው መንገድ ያሳታችሁበት ቀን የለም?