ሳያንኳኳ የማያምነው አባት

«ለመሆኑ ራፕ ማለት ምን ማለት ነው?» አላት አባቷ፣ በሩን ገፋ አድርጎ እየገባ...

«አባዬ! ሳታንኳኳ አትግባ አላልኩህም?»

«በገዛ ቤቴ?»

ልጅቷ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ወጥታ ራፕ ልታደርግ ነው። እንዲመጣላት ለምናዋለች... እሺም እምቢም አላለም።

«የሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት ምህጻር ነው። ምት እና ግጥም ማለት።»

«ማን አለ?»

«ሰው ሁሉ!»

«እኔ ሰው ሁሉ ያለውን ሳላንኳኳ አላምንም።»

እውነቱን ነው... የባቡር ጎማ መርማሪ ነው።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ እያንዳንዱን ጎማ በመዶሻ መታ እያደረገ ጆሮውን ይሰጣል። ደህናው ብረት እንደ ደወል ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል።

ቤትም አመሉ አይለቀውም... ሐብሐብ ያንኳኳል፣ ግድግዳ ያንኳኳል፣ የአጎቷን በራ ራስ ሳይቀር ያንኳኳል።

የእሷን በር ብቻ አያንኳኳም።

«ብረት ከመቀጥቀጥ ሌላ ምን ታውቃለህና ነው!» አለችው።

በሩን ዘግቶላት ወጣ።

የዝግጅቱ ቀን ምሳ ዕቃውን ረስቶ ሥራ ገባ... ይዛለት ሄደች።

«አባትሽ በምሳ ሰዓት እዚህ የለም እኮ» አላት የሥራ ጓደኛው እየሳቀ። «ይኸው ሦስት ሳምንቱ፣ ቤተ መጻሕፍት መዝገበ ቃላት ላይ ተደፍቶ ነው የሚውለው!»

መዶሻው ሥር ግራሶ የነካው ወረቀት አየች... የአባቷ እጅ ጽሑፍ ነው።

«ራፕ... ምህጻር አይደለም። ብዙ መቶ ዓመት የኖረ ቃል ነው። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ መምታት፣ ማንኳኳት ነበር። ቀጥሎ ፍርጥ አድርጎ መናገር ሆነ። ቆይቶ ጥቁር አሜሪካውያን ጨዋታን፣ ወግን ራፕ አሉት። ሙዚቃው ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው።»

ከሥሩ ደግሞ...

«ለካ ልጄም የኔው ሥራ ላይ ናት።»

አሥር ሰዓት ላይ የክፍሏ በር ሁለት ጊዜ ተንኳኳ... ማንም አልገፋውም።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ... ልግባ?»

የሠርጉን ኮት ለብሷል። ቁልፉ አልገጥም ብሎታል።

«አባዬ... ያን ቀን ያልኩህ ነገር...»

ግንባሯን በጣቱ መታ አድርጎ ጆሮውን አስጠጋ።

«ደህና ነሽ፤ አልተሰነጠቅሽም። በይ ውጪ፣ ባቡሩ ያመልጠናል!»

በሩ ከኋላቸው ተዘጋ።

ወዳጆቼ... «እነሱ አይገባቸውም» የምንላቸው ሰዎች፣ እኛ ሳናይ ሊገባቸው እየደከሙ ይሆናል።

እናንተስ... የምትወዱትን ነገር ለመረዳት ምሳ ሰዓቱን የሰዋላችሁ ሰው ማነው? ኮሜንት ላይ አመስግኑት...