ከታች የተነሳ ፎቶ

ፎቶ አንሺው ሰውን እንደየአመሉ ነበር የሚያነሳው፤ ሹመት ያማረውን ከታች ሽቅብ፣ ጭምት መምሰል የፈለገውን ከላይ ቁልቁል። የገዛ ልጁን ግን ሁሌም ከላይ፣ ቆሞ ነበር የሚያነሳት።

«አባዬ፣ ዝቅ ብለህ አንሳኝ! ጉንዳን አስመሰልከኝ እኮ» ትለዋለች።

«ጉልበቴን ያመኛል የኔ እናት። ስታድጊ እኩል እንሆናለን» ይላታል እየሳቀ።

እሷም ታኮርፍና ካሜራውን ነጥቃ ታነሳዋለች። ሁልጊዜ ታዲያ የጣቷ ጫፍ ሌንሱን ይሸፍንና ጥጉ ላይ አብሮ ይወጣል።

ሳታድግ ቀረች።

ከቀብሯ በኋላ ሱቁን በከፈተ ዕለት አንድ ነጋዴ ሊነሳ መጣ። ካሜራው ማቆሚያው ላይ፣ በሰውየው ዓይን ትክክል ነበር። ፎቶው ግን ወገቡ ጋ የሚደርስ ሰው ሽቅብ እያየ ያነሳው መስሎ ወጣ፤ አገጩ ገዝፎ፣ ከራሱ በላይ ጣሪያው እየታየ።

«ወይ ጉድ፣ ሚኒስትር አደረግከኝ!» አለ ነጋዴው ደስ ብሎት።

ከእሱ በኋላ የመጡትም እንደዚያው ሆኑ። ፎቶ አንሺው ካሜራውን አገላብጦ ፈተሸው፤ ምንም አልሆነም። ሱቁ ጭር ሲል ካሜራው በራሱ እንዲያነሳ ሰዓቱን ሞላውና ፊት ለፊቱ ቆመ። ከዚያ ምን እንደታየው እንጃ፣ የሚያመውን ጉልበቱን አጥፎ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። ካሜራው ግን ማቆሚያው ላይ እንዳለ ነው፤ ከዚያ ከፍታ ባዶ ግድግዳ እንጂ ሌላ ሊያገኝ አይችልም።

ፎቶውን አየ። እንባ ያራሰው ፊቱ መሀል ላይ ነው፤ ከላይም ከታችም አይደለም፣ እኩል፣ ዓይን ለዓይን።

ጥጉ ላይ የትንሽ ጣት ጫፍ አለ።