የፈቃድ ወረቀት

"እትዬ፣ ምን በድዬዎት ነው?"

ናርዶስ ከዩኒቨርሲቲው ተባርራ ስትወጣ ነበር የላቦራቶሪውን ጽዳት ሠራተኛ የጠየቀቻት። ሴትየዋ ጥያቄው አልገባትም። ናርዶስ የሶላር ፓነል ላይ የሚቀቡ ደቃቅ ክሪስታሎችን በድምፅ ሞገድ የምትሠራ ተማሪ ነበረች፤ ጽዳት ሠራተኛዋን በምሳ ሰዓት ፊደል የምታስቆጥራትም እሷው ነበረች።

ናርዶስ ከመባረሯ ከሳምንት በፊት፣ የላቦራቶሪው ኃላፊ ዶክተር የድምፅ ሞገዱን ማሽን ፈሳሽ ሳይጨምርበት አስነስቶ ሲሰብረው ያየችው ጽዳት ሠራተኛዋ ብቻ ነበረች። በማግስቱ፣ "እናታችን፣ የዓመት ፈቃድዎ ነው፤ አውራ ጣትዎን እዚህ ጋ" ብሎ ወረቀት ዘረጋላት። መርቃው አሻራዋን አሳረፈች።

በዓመቱ፣ ናርዶስ ያስጀመረቻትን ፊደል ለብቻዋ ገፍታበት፣ የዶክተሩን መደርደሪያ ስትወለውል፣ ከአንድ ወረቀት ግርጌ፣ ከአሻራ ጎን፣ የገዛ ስሟን አነበበች። ደስ አላት። ከዚያ ከላይ ያለውን በጣቷ እየተከተለች ቀጠለች፦ "ማሽኑን ናርዶስ ስትሰብረው በዓይኔ አይቻለሁ።"

ዶክተሩ ዛሬም እዚያው አለ። የሄደችው ናርዶስ ናት።