የአክሊሉ ፒካፕ የኋላ ፍሬን

«ሥራህን ስትጨርስ መጀመሪያ ለእግዚአብሔር ንገር፤ ከዚያ ለባለቤቱ።» የሆሴዕ አባት አናጺ ነበሩ፤ በር በገጠሙ ቁጥር ይህን ይሉ ነበር። ሆሴዕ እንጨቱን ትቶ መካኒክ ቢሆንም ቃሉን አልተወም። ሆሳዕና መናኸሪያ ጀርባ ባለችው ጋራዡ አንድ መኪና ሠርቶ ሲጨርስ እጁን ጎማው ላይ አድርጎ ይጸልያል። ቁልፉን የሚያስረክበው ከዚያ በኋላ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት አክሊሉ ፒካፑን ይዞ መጣ። አክሊሉ የድንች ነጋዴ ነው። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ከሆሴዕ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። መኪናውን የሚነዳለት ፈትሁዲን የሚባል ቀልደኛ ሰው ነው።

«ጋሽ ሆሴዕ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ስረግጠው ያስለምነኛል እንጂ አይቆምም» አለ ፈትሁዲን።

ሆሴዕ ከስር ገብቶ አየ። የኋላው ፍሬን ጭነት የሚለካበት አንድ ዘንግ አለው። መኪናው ሲጫን ከኋላ ዝቅ ይላል፣ ዘንጉ ይገፋል፣ ፍሬኑም ይበረታል። ባዶ ሲሆን ይላላል። አክሊሉ ግን ለጭቃው መንገድ ብሎ መኪናውን በተጨማሪ የባሌስትራ ብረት ከፍ አስደርጎታል። እንግዲህ ድንች እስከ አፉ ቢጫንበትም ዘንጉ መኪናው ባዶ ይመስለዋል።

«ከፍ ሲያደርጉት ይህን ረስተዋል። እስከ ዛሬ በፊተኛው ፍሬን ብቻ ነው የቆምከው» አለ ሆሴዕ።

ዘንጉን ለማስተካከል ጭነት ያስፈልጋል። ሆሴዕ እንደ ልማዱ ከመናኸሪያው ወዛደሮች ጠርቶ ከኋላ አስቀመጣቸው። ሻይ የምትሸጠው ገነቴ ብርጭቆ እያጠበች ታያለች።

«ምን ይህን ሁሉ ሰው ታስቸግራለህ? እኔ ብቻዬን ብወጣ አይበቃም?»

«አንቺ ከወጣሽማ ባሌስትራ ልንገዛ ነው!» አለ አንዱ ወዛደር።

ተሳሳቁ። ሆሴዕ ከስር ሆኖ ዳዶውን ፈታ፣ ዘንጉን አስረዘመ፣ መልሶ አጠበቀ። ወጥቶ እጁን ጎማው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ፈትሁዲንም ኮፍያውን አውልቆ ጠበቀው።

ለሙከራ አንድ ዙር ነዱት። አክሊሉ ግንባሩን እያሻሸ ወረደ።

«አንተ ሰው፣ መስታወቱን በጭንቅላቴ ልታስሰብረኝ ነው እንዴ?»

«ከኋላ ጨምድዶ ይይዛል» አለ ፈትሁዲንም።

«ትለምዱታላችሁ። ሲጫን ልኩ ይህ ነው» አለ ሆሴዕ።

ድንቹን ጭነው በዱራሜ አድርገው ወደ ሾኔ ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ገነቴ ስልኳን እንደያዘች እየሮጠች መጣች። ፒካፑ አዲሎን አልፎ ቁልቁለቱ ላይ ከመንገድ ወጥቷል። አክሊሉ ተጫረ እንጂ ደህና ነው። ፈትሁዲን ግን እግሩ ከብረት ስር ተጨፍልቋል። ወደ ሆሳዕና እያመጡት ነው።

ሆሴዕ የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ። ልኩ ይህ ነው ብሏቸው ነበር፤ አሁን ግን ዘንጉን ምን ያህል እንዳስረዘመው ማስታወስ አቃተው። አብዝቶት ከሆነ የኋላው ጎማ ይቆለፋል። የተቆለፈ ጎማ ደግሞ ይንሸራተታል። ሁለቱም ነግረውት ነበር። ትለምዱታላችሁ አላቸው።

ጋራዡን ዘጋ። ሊጸልይ ተንበረከከና ምን እንደሚል ጠፋው። ወደ ሆስፒታል እስከ በሩ ሄዶ ሁለቴ ተመለሰ። ሰው ሰላም ሲለው መሬት መሬት ያያል።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን አክሊሉ አጠገቡ አልተቀመጠም። በር ላይ ቆሞ ቆየና ቡራኬው ሳይደርስ ወጣ። በማግስቱ መንገድ ላይ ሊገናኙ ሲሉ አክሊሉ ተሻግሮ በማዶ አለፈ።

«ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር» አለ ሆሴዕ ለገነቴ።

«ሂድና ፈትሁዲን እግር ላይ ውደቅ» አለችው። «ሰው ነው፣ ይቅር ይልሃል። ሰው እየሸሹ መኖርማ ምኑ ኑሮ ነው?»

ሄደ። ሐኪሞቹ የፈትሁዲንን እግር እናድነው ወይስ እንቁረጠው በሚሉበት ቀን ነበር። ሚስቱ ነፊሳ ራስጌው ተቀምጣለች። አክሊሉ መስኮቱ ጋ ቆሟል። ሆሴዕ ሰላምታም ሳይሰጥ ከበሩ ቀጥታ ሄዶ አልጋው አጠገብ ተንበረከከ።

«የኔ እጅ ነው። ፍሬኑን አብዝቼ አጠበቅሁት። ነግራችሁኝ አልሰማሁም። ፈትሁዲን፣ ልጄ፣ ይቅር በለኝ።»

ፈትሁዲን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ተነሱ ጋሼ፣ በአላህ ይሁንብዎ ተነሱ» አለች ነፊሳ እያለቀሰች። የምታየው ግን አክሊሉን ነበር።

አክሊሉ ጉሮሮውን ጠረገ። «በቃ፣ አንዴ ሆኗል። ፖሊስ ጋ አልሄድም። በሽማግሌ ያልቃል። እኔ በበኩሌ ይቅር ብዬሃለሁ።»

ሆሴዕ ይህን ሲሰማ ይብስ አነባ። እንዲህ ያለ ሰው ነው የበደልኩት አለ በልቡ። ቀና ብሎም «እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ከእንግዲህ መኪና አልነካም» አለ።

ሆሴዕ የማያውቀው አንድ ወጣት ሙዝ በፌስታል ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ጥፍሮቹ ውስጥ ግራሶ አለ። የገባው ሆሴዕ መናገር ሲጀምር ነው፤ ሁሉንም ሰምቷል። አክሊሉ ሲያየው ከመስኮቱ ተንቀሳቀሰ።

«አንተ፣ ውጭ ጠብቀኝ» አለው ቶሎ ብሎ።

ወጣቱ አልወጣም። ሙዙን መሬት አስቀመጠ፣ ጎንበስ ብሎ የሆሴዕን ክንድ ያዘና በአገጩ ወደ አክሊሉ አመለከተ።

«ይነሱ ጋሼ። እርስዎ የሠሩትን አዲሎ ላይ እኚህ ሰውዬ ፍታልኝ ሲሉኝ ወደ ነበረበት የመለስኩት እኔ ነኝ።»