ከቅዳሴ መልስ የታየችው መስመር

«አንቲ፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው ያየሽው?» አለች አቢግያ፣ ከእርግዝና መመርመሪያው ካርቶን የወጣውን ወረቀት እያገላበጠች።

«ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ነዋ!»

ብዙነሽ ጠዋት በአሥራ አንድ ሰዓት ተነስታ ሽንቷን የመመርመሪያዋ ፕላስቲክ ላይ ጠብ አደረገች፤ ግን አላየችውም። ስምንት ዓመት ሙሉ ልጅ ስትለምን ኖራ፣ መልሱን ከእመቤታችን ቀድማ ማየት ድፍረት መሰላት። በንጹሕ መሐረብ ሸፍና ከሥዕሏ ሥር አኖረችውና ከባሏ ጋር ቅዳሴ ሄደች። ከአራት ሰዓት በኋላ ሲገልጡት ሁለት መስመር! አንዷ ደማቅ፣ አንዷ ፈዘዝ ያለች። ሆዱ ምሥጢር የማይቋጥረው ተካልኝ እንባውን እንኳ ሳይጠርግ ስልኩን ይዞ ወደ በረንዳ ወጣ።

«ከአሥር ደቂቃ በኋላ አታንብቡ ይላል» አለች አቢግያ። የተካልኝ የእህት ልጅ ናት፤ እዚሁ በሰው አገር፣ ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈራቸው ተወልዳ ያደገች። «ሲደርቅ ፌክ መስመር ሊወጣ ይችላል። ሜይቢ እውነት ነው፣ ሜይቢ አይደለም። ፖሌ፣ አይዞሽ አንቲ።»

«ደማቋስ?»

«እሷማ ሁሌም ትወጣለች። ቴስቱ ይሠራል ማለት ነው እንጂ ስላንቺ ምንም አትልም።»

ብዙነሽ ግራ ገባት። መስመርም እንደ ሰው ይዋሻል እንዴ? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የእሷ ጥፋት ግን አለመቸኮሏ ነው። ማንን ትጠይቅ? ሥዕሏን ቀና ብላ አየችና አፈረች።

ካርቶኑ ውስጥ አንድ መመርመሪያ ቀርቶ ነበር። መታጠቢያ ቤት ገብታ ተመለሰችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አሁን ዓይኗን አልነቀለችም። አቢግያ በስልኳ ሰዓት ያዘች። ፈሳሹ እየቀላ ተሳበ፤ ደማቋ መስመር ወዲያው ብቅ አለች።

«ሦስት ደቂቃ» አለች አቢግያ። ቆየችና «አምስት።»

ብዙነሽ ሁለተኛዋን ያየች ይመስላታል፤ ዓይኗን ስታሽ ትጠፋለች። ይህን ያህል ፈርታ አታውቅም።

«አሥር» አለች አቢግያ፣ በጣም ቀስ ብላ።

ያቺው አንዷ ብቻ ናት።

ብዙነሽ ባሏን ልትጠራ አፏን ከፈተች። በረንዳው ላይ ተካልኝ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገው፤ ከደብረ ብርሃን የእናቱ እልልታ፣ የጎረቤቶቿም ተጨምሮበት፣ ቤቱን ሞላው።